ካቴተር (ሽንት ማውረጃ ቱቦ) ሊገባላችሁ ነው? ከአልጋው እስከ ባጃጁ

ባለፈው ክረምት አባዬ ሽንት እምቢ ብሎት ሲያቃስት አደረና ጠዋት እዚሁ ጅማ ሆስፒታል ወስደነው ፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ ስር ያለችው የወንድ እጢ) ነው ተብሎ ካቴተር ገባለት፣ እኔም አስታማሚ ሆኜ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የላቴክስ (የጓንትና የቱቦ ጎማ) አለርጂ ወይ ደም የሚያቀጥን መድሃኒት ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቱቦውን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ኑ ከተባላችሁ የውፍረቱን ቁጥር አጽፉ፣ ለትልቅ ወንድ ብዙ ጊዜ 14 ወይ 16 ነው፣ ማሸጊያው ተቀዶ ከሆነ አትቀበሉ።

ከዛ በጀርባ ያስተኙና አካባቢውን አጽድተው የሚያደነዝዝ ጄል ይጨምራሉ። ጄሉ እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ እባካችሁ ነርሷን አታጣድፏት። ቱቦው ሲገባ በረጅሙ መተንፈስ ነው፣ ሰውነትን ማኮማተር ህመሙን ያባብሰዋል። ያቃጥላል፣ ሽንት የመጣም ይመስላል፣ ያልፋል።

ሽንቱ ቱቦው ውስጥ ሲወርድ ካየች በኋላ ነው ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊኛ በሲሪንጅ ውሃ የምትሞላት፣ 10 ሚሊ አካባቢ። የሽንት ፊኛ ውስጥ ሌላ ፊኛ በሉት፣ ቱቦው ተንሸራቶ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። ውሃው ሲሞላ ኃይለኛ ህመም ካለ ዝም አይባልም፣ ፊኛዋ ቦታዋ ሳትደርስ መሃል መንገድ ላይ እየተነፋች ሊሆን ይችላል። በኋላም ሰለቸኝ ብሎ መጎተት የለም፣ የተነፋ ነገር በዛች ጠባብ መንገድ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

መጨረሻ ላይ ቱቦው ጭን ላይ በፕላስተር ይያዛል፣ ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢትም ከታች ይንጠለጠላል።

እኛ የተሳሳትነው ወደ ቤት ስንሄድ ነው። አባዬ ሰው እንዳያይበት አፍሮ ከረጢቱን ጋቢው ውስጥ ደረቱ ላይ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ገባ፣ እኔም ብርድ መስሎኝ ጋቢውን ይበልጥ አለበስኩት፣ መንገዱ ሲያነጥረን ቱቦውን ሳየው ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው! ከረጢቱ ሁሌም ከሆድ በታች መሆን አለበት፣ ሽንቱ ከተመለሰ ኢንፌክሽን ይዞ ሊመለስ ይችላል። መሬት ላይም አይቀመጥም። መደበቅ ካስፈለገ ፌስታል ውስጥ አድርጎ እግር ስር መያዝ ነው።

ቤት ውስጥ ከረጢቱ ሳይሞላ ማፍሰስ፣ ከመንካት በፊትም በኋላም እጅ መታጠብ፣ ሐኪም ካልከለከለ ውሃ መጠጣት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ የረጋ ደም ከታየ፣ ወይ ቱቦው ሳይታጠፍ ሽንት ቆሞ ሆድ ከተነፋ እስኪነጋ አትጠብቁ።

የሚወጣበትን ወይ የሚቀየርበትን ቀን ደግሞ ካርዱ ላይ አጽፉ፣ እኛ ረስተን እሱን ለመጠየቅ ብቻ ድጋሚ ተሰልፈናል።