ላፕቶፕ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ላፕቶፕ ፎርማት ልታስደርጉ ነው? መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ አክቲቬሽን (የዊንዶውስ ፈቃድ ማረጋገጫ) የሚለውን ፎቶ አንሱት። የዊንዶውሳችሁ ኤዲሽን (ዓይነት) ሆም ነው ወይስ ፕሮ?

ከዊንዶውስ 8 (2012 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ በሚመጡ ኮምፒውተሮች ላይ፣ የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ውስጥ ነው። ሃርድ ዲስክ ብትቀይሩም አይጠፋም። ያው ኤዲሽን ተመልሶ ከተጫነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል። ችግሩ አንዳንድ ሠራተኛ ሳይጠይቅ ፕሮ ይጭንና ክራክ (ያለ ፈቃድ የሚያስከፍት ሕገወጥ ፕሮግራም) ይጨምርበታል። ቫይረሱም ብዙ ጊዜ በዚያው ይገባል። በነጻ ላላችሁ ነገር ምን አስጨነቃችሁ? «ሆም ነው፣ ሆም ጫንልኝ» በሉት።

ፈቃዱን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ግን አይቻልም። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ አብሮ ሄደ ማለት ነው።