የኃይል ዕቃ ስንገዛ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

የካርቦን ልቀት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጭስ የሚተፋ ጣቢያ ነው። እኔ ከዓመታት የግዥ ሥራ በኋላ የሚታየኝ የጨረታ ሰነድ ነው። አንድ ዕቃ ለ30 ዓመት ምን ያህል እንደሚያባክን የሚወሰነው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

"የእኛ መብራት ከውሃ ነው፣ አይመለከተንም" ማለት

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከውሃና ከነፋስ ነው የሚመጣው። ደስ ይላል። ግን የግድቡ ሲሚንቶ፣ የማማው ብረት፣ የሽቦው አሉሚኒየም ልቀት አላቸው። ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ ሳይሆን በእሳት ከሚፈረካከሰው ከኖራ ድንጋዩ ራሱ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሥራ "ኦፒሲ" (ከሞላ ጎደል ሁሉም ክሊንከር የሆነ ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ብሎ መጻፍ ይቅር። ክሊንከሩ (ከኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚሠራው ዋናው ግብዓት) ያነሰው ፒፒሲ፣ ማለትም ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ፣ የሚበቃበት ቦታ ብዙ ነው፤ መሐንዲሱን ይጠይቁ።

የመግዣ ዋጋን ብቻ አይቶ አሸናፊ መለየት

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሌሊት ሰፈሩ ጭር ሲል ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም ሰምተው ያውቃሉ? ማንም መብራት ባያበራ እንኳ ውስጡ ያለው ብረት ኃይል ይበላል። ሁለት አቅራቢ ቀረበ እንበል። የርካሹ ትራንስፎርመር ያለ ጭነት የሚያባክነው ከሌላው በ300 ዋት ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን በዓመት 2,628 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ30 ዓመት ከ78 ሺህ በላይ። አሁን በመቶ ትራንስፎርመር ያባዙት። ያ ሁሉ ኃይል ናፍጣ ጄኔሬተር ለሚያስነሳ ፋብሪካ መድረስ ይችል ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ያለ ጭነትም በጭነትም ጊዜ የሚባክነው እያንዳንዱ ዋት ስንት ብር ተደርጎ እንደሚታሰብ ሰነዱ ላይ አስቀድመው ይጻፉ። ያኔ ርካሽ የተባለው ብዙ ጊዜ ውዱ ሆኖ ይገኛል።

ሰርኪዩት ብሬከሩ ውስጥ ያለውን ጋዝ አለመጠየቅ

ሰርኪዩት ብሬከር ችግር ሲፈጠር መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ብዙዎቹ የከፍተኛ ቮልቴጅ ብሬከሮች ውስጣቸው ኤስኤፍ6 የሚባል ጋዝ አላቸው። አንድ ኪሎው ከሾለከ በመቶ ዓመት ስሌት ከ20 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 24 ኪሎ ቮልት ባሉ አዲስ መሣሪያዎች ላይ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዶታል። ቢያንስ በቫኩም (አየር በወጣለት ባዶ ክፍል) የሚሠራ አማራጭ እንዲቀርብ ይጠይቁ።

ለትንሽ አቅራቢ ትልቅ ቅጽ መላክ

አንድ ጊዜ ስለ ካርቦን ልቀት ከውጭ የተቀዳ ረጅም መጠይቅ ለአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ላክን። ባለቤቱ ሁሉም ሳጥን ላይ "አዎ" ብሎ ሞልቶ መለሰ። ምን ያድርግ? ጥያቄዎቹ የእሱ ሥራ አልነበሩም። በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅን፦ የመብራት ቢል፣ የናፍጣ ደረሰኝ፣ ብረቱ የመጣበት ፋብሪካ። ከዚያ መጠይቅ ይልቅ ከእነዚህ ብዙ ተማርን።

እስኪጨንቅ ድረስ መዘግየት

ዕቅዱ ሲጓተት በመርከብ መምጣት የነበረበት ዕቃ በአውሮፕላን ይጫናል፤ ልቀቱም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በጊዜ ከታዘዘ ግን ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. የንግድ አገልግሎት በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መምጣት ይችላል። ለዚህ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ "ከጅቡቲ በባቡር"።