አራሷ ከከፋት ምን ይደረግ? ለደሴና ኮምቦልቻ ቤተሰቦች

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ የተለመደ ነው፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ቤቱ በጠያቂ ሲሞላ ሐዘኗ ይሸፈናልና ለብቻዋ ጠይቋት፦ «ባለፉት 2 ሳምንታት ከፍቶሽ ነበር? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አላስደስትሽ ብሏል?» ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለች ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ የሕፃኑን የ6ኛ ሳምንት ክትባት አትጠብቁ።

ድባቴ የእናትነት ፍቅር ማጣት አይደለም፣ ሕመም ነው። አቅም ስለሚያሳጣት ግን ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ፣ ፈገግ ሲል ምላሽ ያጣል፤ ጡት ቶሎ ሊቋረጥ፣ ንግግሩም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ አባት ወይም አያት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቀርበው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ያጫውቱት። ሌሊት ሕፃኑ ጡት ከጠባ በኋላ ማስገሳቱንና ማስተኛቱን ሌላ ሰው ይውሰድላት፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ያባብሳል።

እናትየዋን ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ይረዳታል። ሐኪም ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ካዘዘላት አብዛኛውን ጊዜ ጡት ማጥባት አያስቆምም፤ ለውጡ ሳምንታት ስለሚፈልግ «አልሠራም» ብላ እንዳታቋርጠው። ጸበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጎን ይቀጥል።

የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ራሷን አለዚያም ሕፃኑን ስለመጉዳት ካወራች ለአፍታም ብቻዋን አትተዋት፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሷት።