«ዘሩ ከዳኝ» ከማለት በፊት፦ ችግኝ ሲፈላና ሲዛወር የሚፈጸሙ ስህተቶች

በጓሯቸው አትክልት ማልማት የጀመሩ ሰዎች ችግኛቸው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከሱት ዘሩን ነው። ዘር እንደሚያረጅ አይካድም፤ የሽንኩርት ዘር ከ1 ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ በፍጥነት ሲደክም፣ የቲማቲም ዘር ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመት ያህል ይቆያል። የሚጠራጠር ሰው 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞቅ ባለ ቦታ ያቆይና የበቀሉትን ይቁጠር። እኔ ዘንድ ከቀረቡት ክሶች በአብዛኞቹ ዘሩ ነጻ ወጥቷል።

ዘርን አርቆ መቅበር የተለመደ ጥፋት ነው። ዘር የሚሸፈነው የራሱን ውፍረት 2 ወይም 3 እጥፍ በሚያህል አፈር ነው፤ የሰላጣ ዘር ደግሞ ለመብቀል ብርሃን ስለሚረዳው ጥቂት አፈር ነስነስ ከተደረገበት ይበቃዋል። ያው የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ አንቀላፍቶ ሊቀር ስለሚችል፣ ሙቀት ከሚወደው ከቃሪያ ጋር በአንድ ሳጥን ዘርቶ ሁለቱን እኩል መጠበቅ አይገባም። ፐርስሊ የተባለው የማጣፈጫ ቅጠል ዘር 3 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ይህን ሳላውቅ በ12ኛው ቀን አፈሩን በጣቴ ጭሬ፣ ገና ሥር መስደድ የጀመሩትን ፍሬዎች ሰባብሬ፣ በመጨረሻም ዘሩን የረገምሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ካሮትና ድንብላል በቋሚ ቦታቸው ይዘሩ እንጂ አይዛወሩ፤ የመጀመሪያው ሥሩ ሲነካ ተከፋፍሎ ያድጋል፣ ሁለተኛው ቅጠሉን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል።

በውኃ በኩል ጀማሪ የሚበድለው ከፍቅር የተነሣ ነው። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ ቡቃያ ማታ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ወድቆ ይገኛል። ይህን የሚያደርሱት እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ሲሆኑ፣ የሚመቻቸውም ነፋስ ሳያገኝ ረጥቦ የሚውል አፈር ነው። የወደቀው አይነሣም። የቀሩትን ለማትረፍ ግን ከታች ቀዳዳ ያለው ዕቃ መጠቀም፣ አሮጌውን ዕቃ አጥቦ ማድረቅ፣ አሳስቶ መዝራትና የአፈሩ ገጽ ደረቅ እስኪል ውኃ አለመድገም ያስፈልጋል። ቀጥነውና ረዝመው ወደ መስኮት የሚያዘነብሉትንም ማዳበሪያ አያድናቸውም፤ የራባቸው ብርሃን ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ስህተት ችግኝን ሳያላምዱ በቀጥታ ወደ ደጅ ማውጣት ነው። ሰዎች ለ6 ሳምንት ሌሊት እየተነሡ እንኳ የሚጎበኙትን ችግኝ፣ በመጨረሻዋ ሳምንት «ደርሷል» ብለው በቀትር ፀሐይ ይተክሉታል፤ ሲጠወልግ ውኃ ያፈሱበታል፤ ሲሞት ደግሞ አፈሩ መጥፎ ነበር ይላሉ። በቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ውኃ እንዳይባክን የሚጠብቀው ሰም መሰል ሽፋን ስስ ነው፤ ግንዱም ነፋስ አልነካውምና ልል ነው። በመዛወሩ ሥሩ በተጎዳበት ቀን ኃይለኛ ፀሐይና ነፋስ ሲጨመሩበት፣ ሥሩ ሊያቀርብ ከሚችለው በላይ ውኃ በቅጠሉ በኩል ይተንናል። እኔም በጀመርሁበት ዓመት 40 የቲማቲም ችግኞችን በአንድ ረፋድ ተክዬ በኩራት ስመለከታቸው ውዬ ነበር፤ በ3ኛው ቀን ቅጠላቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ አገኘሁት፣ የተረፉትም 9 ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ የሚፈጅ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ከነፋስ በተጠለለ ጥላ ሥር ለ1 ወይም 2 ሰዓት ማውጣት፣ ከዚያም በየቀኑ ሰዓቱንና ፀሐዩን እየጨመሩ በመጨረሻ ሌሊቱን ጭምር ደጅ ማሳደር ነው። ውኃውም በዚህ ጊዜ ይቀነስ እንጂ እስኪጠወልጉ ድረስ አይከልከል። መትከያው ሰዓት አመሻሽ ወይም ደመናማ ቀን ይሁን፤ ችግኙም ጉድጓዱም አስቀድመው ውኃ ይጠጡ። ይህን ሁሉ ተናግሬ በማግስቱ በቀትር የሚተክል ሰው ስለማውቅ ነው እንዲህ የምቆጣው።

ችግኞች ለመዛወር ሲነሡ በቅጠላቸው ይያዙ እንጂ ግንዳቸውን መያዝ አይገባም፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል፣ የተቀጠቀጠ ግንድ ግን ምትክ የለውም። የተከላ ጥልቀት እንደ ዓይነቱ ይለያያል፦ ቲማቲም ከአፈር በታች ከገባው ግንዱ አዲስ ሥር ስለሚያወጣ የታችኛው ቅጠሉ ተነቅሎ በጥልቀት ይተከላል፤ ሰላጣ ግን ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ባልበሰለ ፍግ ላይ መትከል ሥርን ያቃጥላል። አጠጋግቶ መትከልን በተመለከተ፣ በሁለት የቲማቲም ችግኞች መካከል የሚተወው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ በ2 ወር ውስጥ እንደሚሞላ ማንም ጀማሪ አምኖኝ አያውቅም።

በሚገባ የተላመደና በሰዓቱ የተተከለ ችግኝም ቢሆን አንዳንድ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ አጠገቡ ተጋድሞ ይገኛል። ይህ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ግንዱን ዙሪያውን የሚከብብ፣ ጥቂቱ አፈር ውስጥ የገባ የካርቶን ቀለበት ይከላከለዋል፤ ቀለበቱን ያላደረገ ሰው ደግሞ በተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጭር፣ ጥፋተኛውን ትል ብዙ ጊዜ እዚያው ተጠቅልሎ ተኝቶ ያገኘዋል።