ጉልበቱ የጨመረ መኪና ካምቢዮው እንዳይሰበር ምን ማድረግ አለብን?

መኪና ሲጠናከር ሁሉም የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው። ቱርቦ ይቀየራል፣ ነዳጅ ይጨመራል፣ ኮምፒውተሩ ይስተካከላል። ያንን ጉልበት ተሸክመው ጎማ ድረስ የሚያደርሱት ግን ፍሪሲዮኑ፣ ማርሾቹ፣ ዲፈረንሻሉና የጎማ ዘንጎቹ ናቸው። እነሱን ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው ከተሰበሩ በኋላ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ኒሳን ጂቲ-አር አር35ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ 480 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሞተሩ ፊት ነው፤ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮው ግን ኋላ ነው። ዛሬ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጡ ብዙ አር35ዎች አሉ። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መማሪያ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ይስሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ሞተሩ የሚሰጠው የማዞር ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ 588 ኒውተን ሜትር ነው። አንደኛ ማርሽ ይህን በ4.06 ያበዛዋል። ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ3.7። ሲባዛ ወደ 8,800 ይመጣል። የጎማ ዘንጎቹ በጋራ የሚሸከሙት ይህንን ነው።

አሁን ሞተሩ ተጠናክሮ ቶርኩ 1,000 ደረሰ እንበል። በአንደኛ ማርሽ ወደ 15,000 ይወጣል። በሁለተኛ ማርሽ 8,500 ገደማ ነው፤ ፋብሪካው ለአንደኛ ማርሽ ካሰበው አይበልጥም። በአራተኛ 4,600 ብቻ። ይህ ስሌት ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ዲፈረንሻልና ዘንግ የሚጨነቁት በዝቅተኛ ማርሽ ነው ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ግን ከማርሾቹ በፊት ስለሆነ፣ የሞተሩን 1,000 በየትኛውም ማርሽ ይቀበላል።

ጉልበቱን በየማርሹ ይገድቡ

ኮምፒውተሩን የሚያስተካክልልዎትን ባለሙያ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ በአንደኛ ማርሽ የቱርቦው ግፊት ዝቅ ይበል፣ በሁለተኛ ከፍ ይበል፣ ሙሉው ከሦስተኛ ጀምሮ ይምጣ። ግፊቱም በአንድ ጊዜ ከሚፈነዳ ቀስ እያለ ይጨምር። በአንደኛ ማርሽ ጎማው ያን ሁሉ ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ ስለማይችል የሚያጡት ፍጥነት ትንሽ ነው። ከማንኛውም የተጠናከረ ዕቃ በፊት ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው።

አነሳስዎን ያስተካክሉ

መቶ ኪሎ ጤፍ ቀስ ብሎ ትከሻው ላይ የተጫነለት ሰው ይራመዳል። ያው ጆንያ ከመኪና ላይ ቢወረወርበት ግን ወገቡ ይቀጫል። ብረትም እንደዚሁ ነው። ከቆመበት ሞተሩን በከፍተኛ ዙር አስጩኸው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቁት፣ ሲሽከረከር የነበረው የሞተሩ ክብደት ሁሉ በአንድ ምት ማርሹ ላይ ያርፋል።

አር35 ይህን በደንብ አሳይቶናል። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላውንች ኮንትሮሉ፣ ማለትም መኪናውን ከቆመበት በሙሉ ኃይል የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ዙር ላይ ሆኖ ነበር የሚያስነሳው። አሜሪካ ውስጥ ካምቢዮ የሰበሩ ባለቤቶች ከዋስትና ጋር ተያይዞ ብዙ ተነታረኩ። ኋላ ኒሳን ፕሮግራሙን ቀይሮ የመነሻውን ዙር አወረደው። መኪናው ግን ቀርፋፋ አልሆነም።

ስለዚህ መኪናው በራሱ ትንሽ ይንቀሳቀስ፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከያዘ በኋላ ነዳጁን ይርገጡ። ጎማው እየተንሸራተተ መልሶ መሬት ሲይዝ፣ ደግሞ ሲለቅ፣ መኪናው ኋላው ላይ እንደ መዝለል ይላል። ያኔ እግርዎን ወዲያው ያንሱ። ዘንግ በብዛት የሚቆረጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ዝላዩ ከተደጋገመ ዲፈረንሻሉንና የመኪናውን እግር የያዙትን ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማያያዣዎች) ያስፈትሹ።

ዕቃ ሲቀይሩ ሰንሰለቱን ያስቡ

አንዱን ቦታ ሲያጠነክሩት ስብራቱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ፋብሪካው የሠራው ፍሪሲዮን ጉልበት ሲበዛበት ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ምቱን ያበርድ ነበር። ጠንካራ ፍሪሲዮን ሲገባ ያ ምት ቀጥታ ማርሹ ላይ ነው። የሚጣበቅ የውድድር ጎማ ሲገጠም ደግሞ ዘንጉ ላይ። እንግዲህ ፍሪሲዮንና ማርሽ አብረው ይታሰቡ፤ የውድድር ጎማም ከዘንግ ጋር። ለሁሉም ገንዘብ ካልበቃ የመንገድ ጎማዎን አይቀይሩ። ጎማ ቢንሸራተት ይሻላል፤ ከማርሽ ይረክሳል።

ሙቀቱን ይጠብቁ

ሞተሩ ሞቀ ማለት ካምቢዮው ሞቀ ማለት አይደለም። በአር35 ካምቢዮው ኋላ ስለሆነ የበለጠ ይዘገያል። የካምቢዮውን ዘይት ሙቀት ስክሪኑ ላይ ያያሉ። እስኪሞቅ ድረስ በዝግታ ይንዱ። በተቃራኒው ደግሞ ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይቀጥንና ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል። ዱባይ ወይም ኩዌት ለምትነዱ፣ በሙቀቱ ወራት የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ መጨመር ቅንጦት አይደለም። ሁለት ሦስቴ በኃይል ከተነሱ በኋላም ዝም ብለው አያቁሙት፤ ነፋስ እንዲያገኝ ቀስ ብለው ይንዱት።

ዘይቱን ሲቀይሩ ማግኔቱን ይመልከቱ

ፋብሪካው ያዘዘውን ዓይነት ዘይት ብቻ ያስገቡ፤ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ውድድር የሚወጣ መኪና ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ይቀየርለት። አሮጌው ዘይት ሲወርድ ቡሎኑ ላይ ያለውን ማግኔት በጨርቅ ጠርገው በብርሃን ይዩት። እንደ ለሰለሰ ግራጫ ጭቃ ያለው ጤነኛ የመበላት ምልክት ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ካገኙ ግን አዲስ ዘይት አያስገቡበት፤ መኪናውን ሳያስነሱ በጭነት ወደ ጋራዥ ይላኩትና ካምቢዮው ይከፈት።