ክፍላችሁን ካሜራ አድርጉት፦ ካርቶን፣ ትንሽ ቀዳዳ እና የከተማ ዳር ፀሐይ

በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ምስማር የለቀቀበት ቀዳዳ ቀን ቀን ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን ይጥላል። ልጆች በእጃቸው ሊይዙት ይሞክራሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ክረምት ሳይገባ መደፈን እንዳለበት ትዝ ይላቸዋል። ያ ክብ ግን የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም። ቀዳዳው የተቀደደ ወይም የተጣመመ ሊሆን ይችላል፤ ወለሉ ላይ የሚወርደው ግን ክብ ነው። የምታዩት የፀሐይን ምስል ነው። ቆርቆሮው ሳያስበው ካሜራ ሆኗል።

ከዚህች ቀዳዳ ተነስተን አራት ነገር እንሠራለን። መጀመሪያ ነገሩ እውነት መሆኑን እናረጋግጣለን። ቀጥሎ ፀሐይን ቤት ሆነን እንለካታለን። ከዚያ አንድ ሙሉ ክፍል ካሜራ እናደርጋለን። በመጨረሻም መነጽር እናስገባበታለን። በአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ሰዎች በዚህ ጉዳይ መሀል ከተማ ካለው ሰው ትሻላላችሁ። መስኮታችሁ ፊት ለፊት ሜዳና ተራራ አለ። መሀል ከተማ የብዙ ሰው መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው።

የሚያስፈልገው

ትልልቅ ካርቶን (የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ካገኛችሁ እሰየው)፣ ጥቁር ላስቲክ፣ ሰፊ ስኮች፣ መቀስ፣ የአናጢ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ነጭ ወረቀት፣ ነጭ አንሶላ፣ ትንሽ የእጅ መስታወት። ለመጨረሻው ሙከራ ደግሞ በዕድሜ ምክንያት ለማንበብ የሚደረግ መነጽር። አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚገኝ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀልድ የሌለበት፦ በቀዳዳውም ሆነ በመነጽሩ ውስጥ ፀሐይን በቀጥታ አትዩ። ሁልጊዜ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ምስሉን ወረቀት ላይ ነው የምታዩት። ዓይን ሲቃጠል ሕመም ስለሌለው ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ቆይቶ ነው።

አንድ፦ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ፣ ክብ ብርሃን

ካርቶን ላይ ጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። ፀሐይ ላይ ውጡና ካርቶኑን ያዙ። ነጭ ወረቀት ከቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ አርቃችሁ ከሥር አድርጉ። ሦስት ማዕዘን ብርሃን ታያላችሁ። አሁን ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ አርቁት። ግማሽ ሜትር ላይ ጠርዞቹ መሟሟት ይጀምራሉ። ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ሦስት ማዕዘኑ ጠፍቶ ክብ ሆኗል።

ይህ ነገር የጥንት ሰዎችን ግራ ሲያጋባ የኖረ ነው። በአሪስቶትል ስም በሚታወቅ የጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ ሳይቀር፣ ብርሃን በአራት ማዕዘን ቀዳዳ ገብቶ ስለምን ክብ ይሆናል የሚል ጥያቄ አለ። መልሱን አጥርቶ ያስቀመጠው ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዮሐንስ ኬፕለር ነው፣ በ1604 እ.ኤ.አ.።

መልሱ እንዲህ ነው። ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል። ፀሐይ ደግሞ ነጥብ አይደለችም፤ ስፋት አላት። ከፀሐይ ፊት ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ በቀዳዳው አልፋ ወረቀቱ ላይ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትጥላለች። ወረቀቱ ቅርብ ሲሆን እነዚህ ሁሉ ሦስት ማዕዘኖች እላይ በላይ ይደራረባሉ። ሲርቅ ግን ይበታተናሉ፣ የሚበታተኑትም በፀሐይ ቅርጽ ነው። ሦስት ማዕዘን ማኅተም ይዛችሁ አንድ ትልቅ ክብ እስኪሞላ ደጋግማችሁ ብትመቱ፣ ከሩቅ የሚታየው ክቡ እንጂ ማኅተሙ አይደለም። ልክ እንደዚያ ነው።

በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትመስል፣ አዲስ አበባ ላይ በከፊል ተሸፍና ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት በቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በሙሉ ማጭድ ይመስላል፤ በዛፍ ቅጠል መካከል አልፎ መሬት የሚወርደው ሳይቀር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ሙሉ ግርዶሽ አለ፤ እኛ ጋ በከፊል ይደርሳል። ክረምት ስለሆነ ደመናው ከፈቀደ፣ ይቺን ባለ ቀዳዳ ካርቶን አትጣሏት።

ሁለት፦ ፀሐይን መለካት

በጠራ ቀን፣ ከ6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሞክሩት። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከፍ ስለምትል ብርሃኑ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ምስሉም እንቁላል ሳይሆን ክብ ይሆናል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ አናት ለአናት ልትሆን ምንም አይቀራት። በሌላው ጊዜ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብሉት፤ ምስሉ ክብ ሲሆን ልክ ነው።

ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካርቶን በረንዳ ላይ ወይም መሰላል ጫፍ ላይ እሰሩ። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። 3 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ የክቡን ስፋት በማስመሪያ ለኩ፣ ከለካችሁት ላይ የቀዳዳውን 3 ሚሊ ሜትር ቀንሱ። በ3 ሜትር ርቀት 2.8 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሊወጣላችሁ ይገባል።

ስሌቱ የማባዛትና የማካፈል ነው። የምስሉ ስፋት ለርቀቱ፣ የፀሐይ ስፋት ለፀሐይ ርቀት። 2.8 ለ300 ሲካፈል፣ ከዚያ በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲባዛ፣ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይመጣል። ትክክለኛው የፀሐይ ስፋት 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርቶንና በማስመሪያ ለተሠራ ሥራ ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው፣ በበኩሌ።

ወረቀቱ ላይ በክቡ ዙሪያ በእርሳስ አስምሩና ሰዓት ያዙ። ሁለት ደቂቃ ከትንሽ ሳይሞላ ክቡ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የሮጠው ክቡ አይደለም፤ መሬት ናት የዞረችው።

መሰላል ከሌላችሁ መስታወት ይበቃል። የእጅ መስታወቱን በወረቀት ሸፍኑት፣ ወረቀቱ መሀል ላይ ጎኑ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ብቻ ክፍት ተዉ። ደጅ አስቀምጡትና ነጸብራቁን በበር በኩል ወደ ጨለም ያለ ግድግዳ ምሩት። ግድግዳው 10 ሜትር ከራቀ 9 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ክብ ፀሐይ ታገኛላችሁ። ነጸብራቁን ወደ ሰው ፊት ወይም ወደ መንገድ አታዙሩ፤ ሹፌር ላይ የሚያደርሰው ነገር ቀላል አይደለም።

ሦስት፦ ክፍሉን ማጨለም

ከሁሉም ጊዜ የሚወስደው ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። ግን ሙሉ ጨለማ ካልሆነ ምስል የለም።

መጀመሪያ ክፍልና ሰዓት ምረጡ። ደንቡ አጭር ነው፦ ደጅ ያለው ነገር ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው መሆን አለበት፣ ፀሐይ ግን በመስኮታችሁ መግባት የለባትም። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት። ኮዬ ፈጬ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ያለው ሰው ከ9 ሰዓት በኋላ የረር ተራራ ከነሙሉ ብርሃኑ ፊቱ ነው። ሰበታ ያላችሁ ወጨጫ ተራራን፣ ለብርሃኑ የሚስማማውን ሰዓት ፈልጋችሁ ሞክሩ።

ካርቶኑን በመስኮቱ ልክ ቆርጣችሁ በስኮች ለጥፉ። በላዩ ላይ ጥቁር ላስቲክ ደርቡ። ከዚያ መብራት አጥፍታችሁ፣ በር ዘግታችሁ ቁሙ። ዓይናችሁ ሲለምድ ያላያችሁት ስንጥቅ ሁሉ ይወጣል፦ የበሩ ሥር፣ የቁልፉ ቀዳዳ፣ የመስኮቱ ብረት ጥግ። አንድ በአንድ ድፈኑ። ለበሩ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይሆናል።

አሁን ካርቶኑ መሀል ላይ፣ በዓይናችሁ ከፍታ፣ ስፋቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ቁረጡ። ከቀዳዳው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ነጭ አንሶላ ስቀሉ። ከዚያ ቁጭ በሉ። ቡና ከተፈላ የዕጣኑን ጭስ ወደ ቀዳዳው አምጡት፤ የብርሃኑ መንገድ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። ብርሃን ከጎን አይታይም፤ የምታዩት ጭሱ ወደ ዓይናችሁ የበተነውን ነው።

ወደ አንሶላው ስታዩ በመጀመሪያ ምንም የለም። አሥር ደቂቃ ታገሡ። ቀስ ብሎ ሰማያዊ ነገር ከታች ይወጣል፤ ሰማዩ ነው። ተራራው ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ባጃጁ ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ ያልፋል፣ ደጅ ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ። ከነቀለሙ ነው፣ ያለ ኤሌክትሪክ። መብራት በጠፋ ቀን ለልጆች ከዚህ የተሻለ ፊልም አላውቅም። ምን እንደምታዩ ከተጠራጠራችሁ አንድ ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ደጅ ፀሐይ ላይ ወዲያና ወዲህ ይበል። ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ለምን ተገለበጠ? ከተራራው ጫፍ የተነሳ ብርሃን ቀዳዳዋን የሚያገኘው ወደ ታች እየወረደ ነው፣ ስለዚህ አንሶላው ላይ ታች ያርፋል። ከሜዳው የተነሳው ወደ ላይ እየወጣ ገብቶ ላይ ያርፋል። ቀዳዳዋ ላይ ይተላለፋሉ። መጠኑንም አስቀድማችሁ ማስላት ትችላላችሁ፦ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ኮንዶሚኒየም 50 ሜትር ቢርቅና አንሶላው ከቀዳዳው 3 ሜትር ቢሆን፣ ምስሉ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ቀጥሎ ሌላ ካርቶን ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አብጁና በመጀመሪያው ላይ ደርቡት። ምስሉ ይጠራል፣ ግን ይጨልማል። ቀዳዳው ሲሰፋ ደግሞ ይደምቃል፣ ግን ይደበዝዛል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታገኙም። የመጀመሪያው ቀዳዳ እንኳ ከአንድ ካሬ ሜትር መስኮት ብርሃን ውስጥ የሚያስገባው ከአምስት ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። በስልክ ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፉና ናይት ሞድ ተጠቀሙ፤ በእጅ ከያዛችሁት ይንቀጠቀጣል።

ይህን ጨለማ ክፍል በጥንቃቄ ካጠኑት አንዱ በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢራቅ ባስራ የተወለደው ኢብን አል ሃይተም ነው። ዓይን ብርሃን አይልክም፤ ከነገሮች የሚመጣ ብርሃን ይቀበላል ብሎ በሙከራ የተከራከረ ሰው ነው።

አራት፦ መነጽሩን ማስገባት

ብሩህም ጥርትም ያለ ምስል ከፈለጋችሁ ሌንስ ያስፈልጋል። መነጽሩ ለዚህ የሚሆን መሆኑን ለማወቅ ከጽሑፍ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እዩበት። ፊደሉን ካተለቀ ይሆናል። ካሳነሰ ለሩቅ የሚደረግ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀዳዳውን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር አስፉትና የመነጽሩን አንዱን መስታወት ከኋላው ለጥፉ። ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሌንሱ ቅረቡ፣ ምስሉ ድንገት ጥርት እስኪል ድረስ። ርቀቱ በመነጽሩ ቁጥር ይወሰናል፦ 1ን ለቁጥሩ አካፍሉ፣ የሚመጣው በሜትር ነው። +2 ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር፣ +2.50 ከሆነ 40። ያ 15 ሜትር ኮንዶሚኒየም በ+2 መነጽር አሁን 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ነገር ግን የተሰጣውን ልብስ ቀለም ሳይቀር ትለያላችሁ።

ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ መስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ 200 ሺህ ይወርዳል። ዘንበል ብሎ ከገባ በፍጥነቱ መቀነስ ምክንያት ይታጠፋል። መሀሉ ወፍራም የሆነ ሌንስ በተለያየ ቦታ የገባውን ብርሃን አጥፎ አንድ ቦታ ያገናኘዋል፤ ስለዚህ ሰፊ ቀዳዳ ቢኖርም ምስሉ አይደበዝዝም። የስልካችሁ ካሜራ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዓይናችሁም እንዲሁ፤ ከኋላ የሚያርፈው ምስል የተገለበጠ መሆኑን ያስረዳው ያው ኬፕለር ነው። ቀጥ አድርጎ የሚያነበው አንጎል ነው።

ስትጨርሱ መነጽሩን መስኮት ላይ አትተዉት። ጠዋት ፀሐይ በዚያ በኩል ከመጣች ያው ሌንስ ብርሃኗን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ካርቶኑን ወይም መጋረጃውን ሊያቃጥል ይችላል።