የአር ኤፍ አይ ዲ ሚድልዌር፦ ያልተነካ ዕቃ ደጋግሞ «ገባ፣ ወጣ» ሲባል

ምልክቱ፦ በመጋዘን በር አጠገብ የተቀመጠና ማንም ያልነካው አንድ ካርቶን በክምችት መዝገቡ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 450 ጊዜ «ገባ»፣ 450 ጊዜ ደግሞ «ወጣ» ተብሎ ይመዘገባል። ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው በታጉ ላይ፣ ማለትም በካርቶኑ ላይ በተለጠፈውና በሬዲዮ ሞገድ በሚነበበው መለያ ላይ ነው፤ ታግ ይቀየራል፣ አንቴና ይዞራል፣ ለውጥ ግን አይመጣም። ገመዱ፣ የኃይል መጠኑና የኔትወርክ አድራሻው አስቀድሞ ተፈትሿል ብዬ ነው የምነሣው። ይህን ችግር ደጋግሜ ስፈታ ጥፋቱን ብዙውን ጊዜ ያገኘሁት ታጉን በአንቴና በሚያነበው መሣሪያ (በአንባቢው) እና በክምችት ሥርዓቱ መካከል ባለው አገናኝ ሶፍትዌር፣ በሚድልዌሩ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ፦ አንባቢው የሚልከው ንባብ ብቻ ነው፤ ዕቃ ገባ ወይም ወጣ የሚለውን አያውቅም። ንባብን ወደ ሁነት («ገባ» ወይም «ወጣ») የሚለውጠው ሚድልዌሩ ሲሆን፣ ለዚህም አንድ ታግ ስንት ሰከንድ ሳይታይ ሲቀር እንደወጣ እንደሚቆጠር የሚወስን የትዕግሥት ጊዜ ያስፈልገዋል። 450 ያልኩት ቁጥር የአንድ መጋዘን ነው። አንባቢው 4 አንቴናዎች ነበሩት፤ በየተራ በእያንዳንዱ ላይ 2 ሰከንድ ስለሚቆይ ሙሉ ዙሩ 8 ሰከንድ ይፈጃል። የዚያን ካርቶን ታግ ብቻ ከሎጉ ለይቼ ሳወጣ፣ 2 ሰከንድ የተጣደፈ ንባብ፣ ከዚያ 6 ሰከንድ ዝምታ፣ እንደገና 2 ሰከንድ ንባብ እየሆነ ገጹን ሞላው። የትዕግሥት ጊዜው 5 ሰከንድ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ለዚህም ሁለት ሳምንት ሙሉ የመጋዘን ሠራተኞች ያለጥፋታቸው ሲወቀሱ ከርመዋል።

መፍትሄው፦ የትዕግሥት ጊዜው ከሙሉ ዙሩ ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን። በዚያ መጋዘን 25 ሰከንድ አደረግኩት፤ የውሸት ሁነቱም በዚያው ቆመ።

ማስጠንቀቂያ፦ ንባብ በዛ ብሎ የአንባቢውን ሴሽን (የተነበበ ታግ ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንደሚል የሚወስነውን ቅንብር) ወደ ኤስ 2 መቀየር ይህንኑ ችግር በሌላ በር ያስገባዋል። በኤስ 2 አንድ ጊዜ የተቆጠረ ታግ ከአንቴናው ኃይል እያገኘ እስካለ ድረስ ዝም ይላል፤ ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ከ2 ሰከንድ በላይ ዝምታውን ይቀጥላል። ሚድልዌሩ ዝምታውን እንደ መውጣት ይቆጥረዋል፤ ዕቃው ግን እዚያው ቆሟል። ዕቃ መኖሩን ለመከታተል ኤስ 1 ይሻላል፤ ታጉ ከ500 ሚሊሰከንድ እስከ 5 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ለንባብ ይመለሳልና።

ሌላው ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ የንድፍ ስህተት፣ እያንዳንዱ ንባብ በቀጥታ የክምችት አገልግሎቱን እንዲጠራ መደረጉ ነው። አገልግሎቱ ትንሽ ሲዘገይ ሚድልዌሩ መልስ እየጠበቀ ይቆማል፣ የንባቡ ጎርፍም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኤ ኤል ኢ መስፈርት ይህን አስቀድሞ መልክ አስይዞታል፦ ተጠቃሚው አገልግሎት ከየትኞቹ አንባቢዎች፣ በስንት ጊዜ ልዩነት፣ አሁን ያሉትን፣ የተጨመሩትን ወይም የጎደሉትን ታጎች እንደሚፈልግ ይናገራል፤ የሚደርሰውም የተጣራ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ መጀመሪያ በዲስክ ላይ ባለ ወረፋ ይግባ። ለእያንዳንዱ ሁነትም የማይደገም መለያ ይሰጠው። መለያ በሌለበት ሁኔታ ያልደረሰ መስሎ እንደገና የተላከ ሁነት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ይህን «በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል ፕሮግራመር በኋላ የሚያስተካክለው የተበላሸ የክምችት መዝገብ ነው።

አልፎ አልፎ የሚታዩ፦ ሁነቶች የ1970 ቀን ከያዙ መብራት ሲጠፋ የአንባቢው ሰዓት ወደ መነሻው ተመልሷል፤ ከሰዓት ሰርቨር ጋር ያገናኙት። ግንኙነቱ በፖርት 5084 ላይ እምቢ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ይዞታል፤ በኤል ኤል አር ፒ (ሶፍትዌር አንባቢን በሚቆጣጠርበት ፕሮቶኮል) አንድ አንባቢ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። የ96 ቢት መለያ ከ24 ፊደልና አኃዝ ካነሰ አንድ ሰው እንደ ቁጥር አስቀምጦት ከፊቱ ያሉት ዜሮዎች ጠፍተዋል፤ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ።

ሚድልዌሩ እንደገና በተነሣ ቁጥር በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ሁሉ አዲስ «ገባ» ከተባለ፣ የታጎቹ ዝርዝር የሚኖረው በሜሞሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ዝርዝሩ በየጊዜው በዲስክ ላይ ይጻፍ፤ ሚድልዌሩ ሲነሣም ዝርዝሩን አንብቦ አንድ ሙሉ የትዕግሥት ጊዜ ሳያልፍ ምንም ሁነት አይላክ።